ኒሙ ይውረድ፣ የድሬዳዋ ዛፉ ይቆይ

የግቢ ጉዳይ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ነው። እናታችን ካረፉ ወዲህ የቤቱ ነገር እኔ ላይ ወድቋል። ግቢው ውስጥ ሁለት ትልልቅ ዛፎች አሉ። አንዱ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለው ኒም ነው። ግንዱን አንድ ሰው አቅፎ አይጨርሰውም። ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ ብሎ ለሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው ክንድ ቀጥ ብሎ ወጥቷል፣ ሌላው የወጥ ቤቱ ቆርቆሮ ላይ ተንጋሏል። ሁለቱ የሚለያዩበት ቦታ ላይ ስንጥቅ አለ፤ ዝናብ በጣለ ማግስት ጥቁር ውሃ ያወርዳል። ከመንገድ ወደ ቆጣሪያችን የሚመጣው የመብራት ሽቦም በቅርንጫፎቹ መሀል ነው የሚያልፈው። ሁለተኛው ከበሩ ፊት ለፊት ያለው የድሬዳዋ ዛፍ ነው። ሥሩ ሊሾውን ሰነጣጥቆ አንስቶታል፣ ልጆቹ ይደናቀፉበታል። ጎረቤታችን ደግሞ «ቅጠሉ ሮቶዬ ውስጥ እየገባ ነው» እያለ ባየኝ ቁጥር ያነሳብኛል።

ሁለት ቡድን አነጋግሬያለሁ። አንደኛው ሁለቱንም ለመቁረጥ 28 ሺህ ብር ጠየቀኝ። ሌሎቹ «ኒሙን በነፃ እንቆርጥልሻለን፣ እንጨቱን ግን እኛ እንወስዳለን» አሉ። ወንድሜ በነፃ ከተገኘ ምን እንጠብቃለን ይላል። ምን ይመክሩኛል? ፈቃድስ ማውጣት አለብኝ? ጉቶውንስ ምን ላድርገው?

ሰ.፣ ከከዚራ

መልስ

መጀመሪያ ይህን «እርስዎ» ተይልኝ አቦ። ከዚራ አድገሽ እርስዎ ማለቱን ከየት አመጣሽው? እኔ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ አናጢ ሆኜ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ዛፍ መቁረጡን የያዝኩት እንጨት ፍለጋ ነው። ስለዚህ በነፃ እንቁረጥልሽ የሚሉሽን ሰዎች ልብ በደንብ አውቀዋለሁ።

ከእነሱ ልጀምር። ኒም ከማሆጋኒ ጋር ዘመድ ነው። እንጨቱን ምስጥ አይደፍረውም፣ በርና መስኮት ይወጣዋል፣ አልጋም ይሆናል። ከመሬት እስከ መንታው ያለው ያ ወፍራም ግንድ ለአናጢ ገንዘብ ነው። ለድሬዳዋ ዛፉ ግን በነፃ ልቁረጥልሽ ያለ ሰው አለ? የለም። እንጨቱ ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይበሰብሳል፣ ለማገዶም አይረባ። እንግዲህ በነፃ የሚመጡት ለግንዱ ነው። ግንዱን በፍጥነት ለማግኘት ደግሞ በመንገዳቸው ያለውን ሁሉ ወደ ታች ይለቁታል፤ በመንገዳቸው ያለው የእናትሽ ወጥ ቤት ነው። ሲጨርሱ ቅጠሉን፣ ጭራሮውንና ጉቶውን ትተውልሽ ይሄዳሉ።

አሁን ወደ ዛፉ። ስለ ጻፍሽልኝ ስንጥቅ ሳነብ ኒሙ መውረድ እንዳለበት ወሰንኩ። ጠባብ መንታ ያለው ዛፍ ሁለቱ ክንዶች ሲወፍሩ ቅርፊቱ መሀላቸው ይቀበራል፤ ከላይ አንድ አካል ይመስላሉ እንጂ እንጨቱ አልተያያዘም። የሚወርደው ጥቁር ውሃ ውስጡ መበስበስ መጀመሩን ይነግርሻል። ለማረጋገጥ ከፈለግሽ በመጥረቢያ ጀርባ ግንዱን ከታች ወደ ላይ ዙሪያውን ይምቱልሽ። ጤነኛ እንጨት ደረቅ ድምፅ ይሰጣል፣ የተቦረቦረው እንደ ከበሮ ይጮሃል። ሥሩ አካባቢ እንጉዳይ ካለ፣ ወይም ዛፉ ከሚያዘነብልበት በተቃራኒው በኩል አፈሩ ከተሰነጠቀ፣ ሰው መጥቶ እስኪያወርደው ድረስ ወጥ ቤቱ ውስጥ አታድሩ። መዘንበሉ ራሱ ግን አያስደንግጥሽ፤ ለዓመታት ዘንብሎ ጫፉን ወደ ላይ የመለሰ ዛፍ ቆሞ የሚኖር ዛፍ ነው። የሚያስፈራው ትናንት ያልነበረ መዘንበል ነው።

ስለ ዋጋው፦ 28 ሺህ ብር ብዙ ነው ወይስ ትንሽ ለሚለው የቁጥር መልስ አልሰጥሽም፤ ምን ምን እንደሚጨምር አልነገርሽኝምና። እንጨት መቁረጥ ቀላል ነው፤ መጋዝ ያለው ሁሉ ይቆርጣል። ገንዘብሽ የሚሄደው ለማውረዱ ነው። 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የእርጥብ ኒም ግንዲላ አንድ ሜትር ብቻ ቢሆን ሁለት ኩንታል ተኩል ያህል ይመዝናል። ይህ ከጣራ በላይ ተለቅቆ ሲመጣ ቆርቆሮው አይደለም ማገሩም አይመልሰው።

ስለዚህ ሰዎቹን ስትጠሪ «ስንት ትወስዳላችሁ?» ከማለትሽ በፊት «ገመዱን የት ታስራላችሁ?» በያቸው። አዋቂው ቆራጭ ቀና ብሎ ዛፉን ዞር ዞር እያለ ያያል፤ ከዚያ ነው የሚመልስልሽ። «መንታው ላይ» ካለሽ ሻይ አጠጪውና ሸኚው። የተሰነጠቀ መንታ ላይ ሸክም ማንጠልጠል ዛፉን ከሰውዬው ጋር መሰንጠቅ ነው።

በደንብ ሲሠራ እንዲህ ነው። ማንም ከመውጣቱ በፊት ሁለቱ ክንዶች ከስንጥቁ በላይ በሰንሰለት ወይም በመኪና መጎተቻ ገመድ አንድ ላይ ጠበቅ ተደርገው ይታሰራሉ። የሚወጣው ሰው በወገብ ቀበቶ ቀጥ ካለው ክንድ ጋር ይታሰራል። ጣራው ላይ የተንጋለለውን ክንድ ከጫፍ ወደ ውስጥ በትንንሽ ቁራጭ ይበላዋል፤ ክንዱን በአንዴ ለመጣል የሚቸኩል እሱ አይደለም። እያንዳንዱ ቁራጭ ከመቆረጡ በፊት በወፍራም ገመድ ይታሰራል። ገመዱ ከበላይ ባለ፣ ቀጥ ባለው ክንድ ላይ በሚገኝ ጠንካራ ባላ ተሻግሮ ይወርዳል። ታች ያለው ሰው ገመዱን የዛፉ ግንድ ላይ ሁለት ሦስት ዙር ይጠመጥመዋል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይለቃል። በእጁ ብቻ ከያዘው ቅርንጫፉ ይወርዳል፣ እሱ ይወጣል። መጋዙ መጀመሪያ ከሥር በኩል የውፍረቱን ሲሶ ያህል ይገባል፣ ቀጥሎ ከላይ ይመጣል። ከላይ ብቻ ከተጀመረ ቅርንጫፉ ሳያልቅ ይገነጠልና ቅርፊቱን እየላጠ ወደ ግንዱ ይመጣል፤ ቆራጩ የቆመው እዚያው ጎን ነው።

የሞተር መጋዝ ይዞ ዛፍ ላይ በአንድ እጁ ሲቆርጥ ያየሽውን ሰው አስወርጂው። ለላይኛው ሥራ የእጅ መጋዝ ይበቃል፤ የሞተሩ መጋዝ ለታችኛው ግንድ ይቆይ። ሥራው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ይጀመር፣ ነፋሱና ሙቀቱ ሳይመጣ እስከ 5 ሰዓት ይቁም። ከምሳ በኋላ ድሬ ውስጥ ዛፍ ላይ የሚወጣ ሰው አታገኚም፤ ምርቃናው ይዞት እሺ የሚልሽ ቢገኝም እንቢ በይው።

ሽቦው ዋናው ጉዳይ ነው። ላስቲክ ለብሷል ብለሽ አትመኚበት። ለዓመታት በቅርንጫፍ ሲታሽና የድሬን ፀሐይ ሲጠጣ የኖረ ላስቲክ የት ቦታ እንደተላጠ ከታች አይታይሽም። እርጥብ ቅርንጫፍና እርጥብ ገመድ ደግሞ ኮረንቲ ያስተላልፋሉ። ወደ መብራት ኃይል ቅርንጫፍ ሂጂ ወይም 905 ደውዪ፣ በዕለቱ መስመሩ እንዲቋረጥና ሽቦው እንዲወርድ አስመዝግቢ፤ ቆራጮቹን የምትቀጥሪው ያ ቀን ከታወቀ በኋላ ነው። ከፍ ባለው ምሰሶ ላይ የሚሄደው ራቁት ሽቦ 15 ሺህ ቮልት ሊሆን ይችላል፤ ለዚያኛው መንካት አያስፈልግም፣ መቅረብ ብቻ ይበቃል። ዛፍሽ እዚያ የሚደርስ ከሆነ ሥራው የራሳቸው የመብራት ሰዎች ነው።

ፈቃድን በተመለከተ መልሱ የቤቱ ነገር ላይ ነው ያለው። ከከዚራ ቤቶች ብዙዎቹ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የተወረሱ ናቸው። ቤቱ የቀበሌ ወይም የመንግሥት ኪራይ ቤት ከሆነ ዛፉ ያንቺ አይደለም፣ ያለ አከራዩ የጽሑፍ ፈቃድ አትንኪው። የግላችሁ ከሆነና ውርሱ ገና ካልተከፋፈለ ወንድምሽንና ሌሎቹን ወራሾች አስፈርሚ። «እናታችን የተከለችውን ዛፍ ሸጠችው» የሚል ክስ በቤተሰብ መሀል ሲነሳ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ የሚነሳው ደግሞ ግንዲላው ከተሸጠ በኋላ ነው። በሁለቱም መንገድ ቀበሌው በጽሑፍ ይወቅልሽ። እንጨት የጫነ አይሱዙ ያለ ወረቀት ኬላ ላይ ሲያዝ ገዢው ተመልሶ የሚመጣው ወደ አንቺ ነው።

ከቆራጮቹ ጋር ያለውም በወረቀት ይሁን። ሁለት እማኝ ይፈርሙበት። ጣራ ቢሰበር ማን ያሠራል? ሰው ቢጎዳ ማን ያሳክማል? ጭራሮውን ማን ይጠርጋል? ጉቶው እስከ የት ይቆረጣል? ግንዱ የማን ነው? የመጨረሻውን እኔ ብሆን ለብቻው አደርገዋለሁ፦ ለቆራጮቹ የሥራቸውን ክፈዪ፣ ግንዱን ለአናጢ ለብቻ ሽጪ። አናጢውን ግን ከመቆረጡ በፊት አምጪው፤ ከመሬት እስከ መንታው ያለውን ሳይከፍሉ አንድ አድርገው እንዲያወጡት ይፈልጋል። ለማገዶ በሚቆርጥ ሰው እጅ ከገባ እያንዳንዱ ቁራጭ ከአንድ ክንድ ርዝመት አይበልጥም፣ ዋጋውም እዚያው ያልቃል። ከክፍያው ግማሹን ያህል ጉቶው እስኪቆረጥ ያዢ። ቅጠሉንም ሁሉንም አታስጥዪው፤ ጥላ ላይ ደርቆ እህል ውስጥ ሲገባ ነቀዝ ያርቃል።

ኒም ተቆርጦ አይሞትም። ጉቶውን ዝም ካልሽው ከዝናብ በኋላ ዙሪያውን ያቆጠቁጥና በጥቂት ዓመት ውስጥ በአንድ ዛፍ ፋንታ የልምጭ ጫካ ይኖርሻል። ጉልበት ካለ በዶማ ዙሪያውን ቆፍረው ሥሩን እየቆረጡ ያውጡት፤ የሽንት ቤት ጉድጓዱና የውሃ ቱቦው የት እንዳለ ግን ቀድመሽ አሳዪ። ካልሆነ ከመሬት ጋር አስተካክለው ይቁረጡት፣ የጎኑን ቅርፊት ይላጡት፣ በጥቁር ላስቲክ ሸፍኚውና አፈር መልሺበት። ያቆጠቆጠውን ጣት ሳያክል ቀንጥሺ። እሳት አታስለቅቂበት። የጉቶ እሳት ጠፋ ሲሉት ሥሩን ይዞ በአፈር ውስጥ ይሄዳል፣ የሚወጣበትንም ቦታ እሱ ነው የሚመርጠው፤ ወጥ ቤት ውስጥ ደግሞ ሲሊንደር አለሽ።

የኒሙ ሥር ጉዳይ ቤቱ መሠረት ላይ ችግር ያመጣል ወይ ብለሽ ብትጨነቂ፣ አሸዋማው የድሬ አፈር እንደ ዋልካ አያብጥም አይኮማተርም። ሥር ቱቦ ውስጥ የሚገባው ቱቦው ቀድሞ ሲያፈስ ነው፤ ቁፋሮው ላይ እርጥብ ቦታ ካገኙ ቧንቧ ሠራተኛ ጥሪ።

የድሬዳዋ ዛፉን ግን ምን አደረገሽ? ጥፋቱ የሊሾው ነው። ይህ ዛፍ አገሩ ማዳጋስካር ነው፣ ሥሩ ጥልቅ አይሄድም፣ በላይ በላዩ ይዘረጋል። እስከ ግንዱ ድረስ ሲሚንቶ ያለበሰው ሰው ነው የተሳሳተው። በግንዱ ዙሪያ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ሊሾውን አስሰብሪ፣ ጠጠር ሙዪበት፣ ዳሩን በድንጋይ ክበቢው፤ ልጆቹ አይደናቀፉም፣ ዝናቡም ይሰርግለታል። ሊሾውን ለማስተካከል ብለው ሥሩን እንዳይቆርጡት ጠብቂ። ከግንዱ ውፍረት አምስት እጥፍ ሳይርቅ ወፍራም ሥር የተቆረጠበት የድሬዳዋ ዛፍ በሚቀጥለው ክረምት ነፋስ ተገልብጦ ይገኛል። የደረቁ ቅርንጫፎቹን ከዝናቡ በፊት አስለቅሚ፤ እንጨቱ ተሰባሪ ነው። ከአጥር ተሻግሮ ጎረቤት ጣራ ላይ የሄደውን አሳጥሪለት። ጎረቤትን ማስቸገር በፍትሐ ብሔር ሕጋችንም የተከለከለ ነው፣ ሰውዬው እውነት አለው። እሱም ግን ለሮቶው ክዳን ይግዛ። ያቺ ቅጠል ከጥፍር ያነሰች ናት፣ ክፍት ሮቶ ካገኘች ከሌላ ሰፈርም በነፋስ ትመጣለች። በግንቦት ሲያብብ ደግሞ በር ላይ ተቀምጦ የሚያየው እሱው ጎረቤትሽ ነው።

ጥያቄ

ቤቴ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው። ከአጥሬ ውጪ፣ ወደ አሸዋው በኩል ሦስት ትልልቅ ግራሮች አሉ። እሾሃቸው የባጃጄን ጎማ ይበሳል፣ ማታ ደግሞ ሌባ ይደበቅባቸዋል። በዶዘር ከነሥራቸው ላስነቅላቸው አስቤያለሁ። ምን ያህል ጉድጓድ ይተዋሉ?

ባለ ባጃጁ

መልስ

የሚተዉት ጉድጓድ የአጥርህን ግማሽ ያህል ነው፤ በአንድ ቀን አይደለም፣ ወንዙ ሲመጣ። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው፣ እኛም መንገድ አድርገነዋል። ውሃው ግን እዚህ ዘንቦ አይደለም የሚመጣው። ላይ ደጋው ላይ ይዘንባል፣ እኛ ጋ ሰማዩ ጥርት እንዳለ ጎርፉ ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። አንተ ልጅ ከነበርክ ቤትህን ጠይቅ።

ሦስት ግራር ያንን ጎርፍ ያቆማል አልልህም። ጎርፍ ግንብ የሚጥለው ግን ፊት ለፊት ገፍቶ ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ አሸዋውን እየዛቀ ነው። ያንን አሸዋ ይዞልህ ያለው የግራሩ ሥር ነው። በዶዘር ስታስነቅለው ሥሩን ብቻ ሳይሆን የላላ አፈር ትተህ ለወንዙ በር ትከፍትለታለህ። ደግሞም ከአጥርህ ውጪ ያለው ያንተ አይደለም፣ የወንዙ ዳር የከተማው ነው።

የታችኛውን ቅርንጫፍ እስከ ሁለት ሜትር ተኩል ድረስ አስመልምል። ሌባው መደበቂያ ያጣል፣ እሾሁም መንገድህ ላይ የሚወድቀው ይቀንሳል። የተመለመለውን እሾህ በጋሪ አስወስደው፣ አሸዋው ላይ እንዳትጥለው፤ የሌላ ሰው ጎማ ነው የሚጠብቀው። መብራት አስገባ። እሱ ከዶዘር ኪራይ ይረክሳል።

ጥያቄ

የምኖረው ሐረር፣ በግንብ በታጠረው ጁገል ውስጥ ነው። የግቢያችን የድንጋይ ግድግዳ ላይ ወፍ የዘራችው ሾላ በቅሎ ክንድ አክሏል። ድንጋዩን እየገፋ ነው። አንዱ ጨው አፍስሺበት አለኝ፣ ሌላው ነጭ ጋዝ። ከግቢው መሀል ያለው አሮጌ ማንጎም ደርቋል፣ እሱንም ላስወጣ ነው።

የጁገሏ

መልስ

ሁለቱንም አታፍስሺ። ጨው ድንጋዩና ልስኑ ውስጥ ይገባና እርጥበት ባገኘ ቁጥር ይፈረፍረዋል፤ ሾላው ሞቶ ግድግዳውም አብሮት ይሄዳል። ነጭ ጋዙ ደግሞ በእንጨት ጣራ ሥር የእሳት ግብዣ ነው። መጎተትም የለም። ሥሩ በድንጋዩ መሀል እንደ ጣት ተሰካክቷል፣ ስትጎትቺው ጭቃውን ይዞ ይወጣል።

ዝናብ በሌለበት ወቅት ከግድግዳው ጋር እኩል አድርገሽ በእጅ መጋዝ አስቆርጪው፣ ውስጥ ያለውን ተዪው። ያቆጠቁጣል፣ ቀንጥሺ። እንደገና ያቆጠቁጣል፣ እንደገና። ቅጠል ካላበቀለ ሥሩ ምግብ አያገኝም፤ እዚያው ይደርቃል። ከደረቀ በኋላ ክፍተቱ በድሮው ዓይነት ጭቃና ኖራ ይሞላ። ሲሚንቶ የሚል ግንበኛ ከመጣ አሰናብችው፤ ሲሚንቶ ከአሮጌው ጭቃ ጋር አይስማማም፣ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል። ግንበኛው ከመጀመሩ በፊት ግን ለቅርስ ቢሮው አሳውቂ። ጁገል ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፣ በግድግዳ ላይ የሚሠራ ነገር ይመለከታቸዋል። ወፏ ሌላም ዘርታ ይሆናል፤ የጣራሽን ዳርና የውሃ መውረጃውን እይ፣ ችግኙ ጣት ሳያክል በእጅ ይነቀላል።

ማንጎው ሞቶ ከሆነ አትቆይበት። የደረቀ ዛፍ ከቆየ በኋላ ማንም ሊወጣበት አይፈቅድም፣ ቅርንጫፉ ሰው አይችልምና ሥራው ይከብዳል፣ ዋጋውም ይጨምራል። ሙሉ በሙሉ መድረቁን ለማወቅ ቅርፊቱን በቢላ ጫፍ በሦስት አራት ቦታ ፋቂ፤ ከሥሩ አረንጓዴ ካለ ገና በሕይወት አለ፣ የደረቀውን ብቻ አስመልምዪ። ቦርቦር ያለ ግንድ ከሆነ ንብ እንዳይኖርበት በጠዋት ጆሮሽን ጣል አድርጊ። ንብ ካለ በመጀመሪያ ንብ አርቢ ይጠራ፣ መጋዝ በኋላ ይመጣል። ቆራጮቹንም ግንዲላውን ከአንድ ክንድ እንዳያስረዝሙት አስጠንቅቂያቸው፤ በናንተ ጠባብ መንገድ አይሱዙ አይገባም፣ እስከ ጁገል በር ድረስ የሚወስድልሽ አህያ ነው።